ያረጀ ኮምፒውተር በጋራ የቤት ኢንተርኔት ላይ አልሠራ ሲል፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ የማግኛ መመሪያ

አንድ የኢንተርኔት መስመር ለአከራይና ለተከራይ፣ ለሳሎንና ለሰርቪስ ቤት፣ ለስልክና ለኮምፒውተር በሚከፋፈልበት ግቢ ውስጥ ተደጋግሞ የሚሰማ አቤቱታ አለ። ስልኩ ይሠራል፣ የልጆቹ ላፕቶፕ ይሠራል፣ የድሮው ዴስክቶፕ ግን ኮኔክሽን የለም ይላል፤ ወይም ተገናኝቻለሁ እያለ አንድም ገጽ አይከፍትም። በዚህ ጊዜ የተለመደው እርምጃ ራውተሩን ደጋግሞ ማጥፋት፣ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ መጫን፣ ካልሆነም ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወስዶ ፎርማት ማስደረግ ነው። ሦስቱም ችግሩ የት እንዳለ ሳይታወቅ የሚወሰዱ እርምጃዎች በመሆናቸው ቢሳኩ እንኳ ምን እንደተስተካከለ አይታወቅም፤ ሳይሳኩ ሲቀሩ ደግሞ በመጀመሪያው ላይ ሌላ ችግር ይጨምራሉ።

ይህ መመሪያ ከዊንዶውስ ኤክስፒ እስከ ዊንዶውስ 10 ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ያተኮረ ሲሆን ፍለጋውን ከመስመሩ ጀምሮ ወደ ራውተሩ፣ ከዚያም ወደ ኬብሉ፣ ወደ አድራሻውና በመጨረሻ ወደ ኮምፒውተሩ ዕድሜ ያመጣዋል። በእኔ ግምት ያረጀ ኮምፒውተር ኢንተርኔት እምቢ አለው ከሚባልባቸው ጊዜያት ብዙዎቹ ከመስመሩ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም፤ መስመሩ ደርሶ ሳለ ኮምፒውተሩ ዛሬ የሚጠየቀውን ማሟላት ስላቃተው የሚመጡ ናቸው። ይህን ለማረጋገጥ ግን ቀድሞ የሚመጣውን ቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። በሥራው ሁሉ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ከመለወጥዎ በፊትም የነበረውን ቁጥር ወይም ምርጫ በወረቀት ይጻፉ ወይም በስልክ ፎቶ ያንሱት።

መስመሩ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ?

በመጀመሪያ አንድ ስማርት ስልክ ይያዙና የሞባይል ዳታውን ያጥፉ። ይህን መዝለል አይገባም፤ ምክንያቱም ዳታው የተከፈተ ስልክ በዋይፋዩ በኩል ኢንተርኔት ሲያጣ ምንም ሳይናገር ወደ ሞባይል ኔትወርኩ ሊዞር ስለሚችል፣ ተጠቃሚው ዋይፋዩ ይሠራል ብሎ ፍለጋውን ከተሳሳተ ቦታ ይጀምራል። ዳታው ከጠፋ በኋላ ስልኩን ከግቢው ዋይፋይ ጋር አገናኝተው ከዚህ በፊት ከፍተውት የማያውቁትን ገጽ ይክፈቱ፤ ቀድሞ የተከፈተ ገጽ ስልኩ ውስጥ ከተቀመጠ ቅጂ ሊመጣ ይችላል። አዲሱ ገጽ ከተከፈተ መስመሩም ራውተሩም ደህና ናቸውና ቀጥታ ስለ ኬብል ወደሚናገረው ክፍል ይለፉ።

ካልተከፈተ የራውተሩን መብራቶች ይመልከቱ። በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚመጣ ኤዲኤስኤል ላይ ዲኤስኤል የሚለው መብራት ሳይርገበገብ መብራት አለበት፤ ብልጭ ድርግም እያለ ከቀጠለ ሞደሙ ከማዞሪያ ጣቢያው ጋር ገና አልተገናኘም ማለት ነው። ይህ መብራት ረግቶ ኢንተርኔት የሚለው ከጠፋ ወይም ከቀላ ግን ሽቦው ደርሷል፤ ያልተስተካከለው የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ፣ ወይም የወሩ ክፍያ ሊሆን ይችላል። በፋይበር ላይ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ወደ ቤቱ እየደረሰ አይደለም። ቀጭኑ ክር በበር ወይም በዕቃ ሥር ተጣጥፎ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ነቅለው ግን በዓይንዎ ወደ ውስጡ አይመልከቱ።

በኤዲኤስኤል ላይ ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ስፕሊተር የሚባለው ድምፅንና ዳታን የሚለይ ትንሽ ሳጥን መበላሸቱ፣ ወይም አንድ ተጨማሪ ስልክ ከእርሱ በፊት በቀጥታ በሽቦው ላይ መቀጠሉ ነው። በኢትዮ ቴሌኮም መስመር የሚጠቀሙ ከሆነ በ994 ሲደውሉ ኢንተርኔት የለም ከማለት ይልቅ የትኛው መብራት ምን እንደሚያሳይና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ መናገር የምልልሱን ጊዜ ያሳጥራል።

ራውተሩና የኃይል ምንጩ

ራውተሩን ማጥፋትና ማብራት በራሱ ስህተት አይደለም። ከሶኬቱ ነቅለው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆዩ፣ መልሰው ይሰኩትና መብራቶቹ እስኪረጉ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከኋላ ያለችው ሪሴት የምትባለው ቀዳዳ ግን ሌላ ነገር ናት። እርሷን ለጥቂት ሰከንዶች መጫን ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል፤ የዋይፋዩ ስም፣ የይለፍ ቃሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠው የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይጠፋሉ። እነዚህን በወረቀት ያልያዘ ሰው በኮምፒውተር ብቻ የነበረውን ችግር ወደ ግቢው ሁሉ ያሰፋዋል።

ብዙ ሰው ሲገባ በራሱ እየጠፋ የሚነሳ ራውተር ካለ አዳፕተሩን ይጠርጥሩ። ሌላ አዳፕተር ሲተኩ ቮልቱ በራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል፣ አምፒሩ ደግሞ እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት፤ የሶኬቱ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቀማመጥም መመሳሰል አለበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ መብራት ሲጠፋ ራውተሩንና ኮምፒውተሩን ነቅሎ ኃይሉ እስኪረጋ መጠበቅ ከማንኛውም ጥገና ይረክሳል።

ለሙከራ ኬብል ይጠቀሙ

ኮምፒውተሩ ወትሮ በዋይፋይ የሚሠራ ቢሆንም ለምርመራው ጊዜ ወደ ራውተሩ ያቅርቡትና በኔትወርክ ኬብል ያገናኙት። በኬብል ከሠራ ችግሩ በዋይፋይ ካርዱ ወይም በሲግናሉ ላይ ነው። በኬብልም ካልሠራ የዋይፋዩን ጉዳይ ለጊዜው ይተዉት።

ኬብሉ ሲሰካ በኮምፒውተሩ መሰኪያ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት መብራት አለባት፤ ካልበራች በቅድሚያ ኬብሉን፣ ቀጥሎ የራውተሩን ቀዳዳ ይቀያይሩ። በጋራ ግቢ ውስጥ ኬብሎች በጣሪያ ሥርና በመስኮት በኩል ስለሚያልፉ በፀሐይና በዝናብ ይበላሻሉ፤ አንዳንዴም አይጥ ትበላቸዋለች። ጫፉን እንደገና የሚያስሩ ከሆነ በሁለቱም በኩል ያለው የቀለም ቅደም ተከተል አንድ መሆን አለበት፤ በብዛት የሚሠራበት ቅደም ተከተል ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚሠራ የድሮ ካርድ ከስምንቱ ሽቦዎች የሚጠቀመው አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ውጭ ያለ ሽቦ የተቆረጠበት ኬብል በድሮው ኮምፒውተር ላይ በደህና ሊሠራ ይችላል። ከ100 ሜትር የሚረዝም ኬብል ግን መብራቱ ቢበራም አይታመንም።

የአይፒ አድራሻው ምን ይላል?

በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና አር የምትለዋን ፊደል አብረው ይጫኑ። በሚመጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፈው ኢንተርን ይጫኑ። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ውስጥ አይፒኮንፊግ (ipconfig) የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ክፍት ቦታ ሳይተዉ ይጻፉ። ከሚመጣው ዝርዝር የሚያስፈልጉት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት የራሱ አይፒ አድራሻና መውጫ በር ወይም ጌትዌይ የሚባለው የራውተሩ አድራሻ።

የኮምፒውተሩ አድራሻ 169.254 ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነውና ወደ ኢንተርኔት አያደርሰውም። ኬብሉ፣ የራውተሩ ቀዳዳ፣ የካርዱ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም)፣ ወይም የራውተሩ አድራሻ የማደል ሥራ ተስተጓጉሏል ማለት ነው። አድራሻው 192.168 ብሎ የሚጀምር ከሆነ መልካም ነው፤ ግን በዚህ ብቻ መርካት አይገባም፤ በግቢው ውስጥ በደህና የሚሠራ ሌላ መሣሪያ ላይ ያለውን አድራሻ ያነጻጽሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ አንድ የተሳሳተ ነገር አለ።

ከተሳሳቱት ነገሮች በጣም የተለመደው ከቀድሞው ባለቤት የተረፈ ቋሚ አድራሻ ነው። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ወይም ከተዘጋ ኢንተርኔት ካፌ የተገዛ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የዚያ ቤት አድራሻ በእጅ ተጽፎበት ይመጣል። ይህን ለማየት የዊንዶውስን ቁልፍና አርን እንደገና ይጫኑና ኤን፣ ሲ፣ ፒ፣ ኤ፣ ከዚያም ነጥብ፣ ቀጥሎ ሲ፣ ፒ፣ ኤል የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዘው ይጻፉ። የኔትወርክ ካርዶቹ ዝርዝር ሲከፈት በሚጠቀሙበት ካርድ ላይ የመዳፊቱን የቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ይግቡ፤ የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቁጥር 4 የሚለውን መርጠው እንደገና ፕሮፐርቲስን ይጫኑ፤ አድራሻውም ሆነ ከሥሩ ያለው ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው) በራሳቸው እንዲመጡ የሚያደርጉትን የላይኞቹን አማራጮች ይምረጡ። ከመለወጥዎ በፊት የነበሩትን ቁጥሮች ፎቶ ማንሳትዎን አይርሱ።

ሁለተኛው ምክንያት ተከራይ ገዝቶ ያመጣው ተጨማሪ ራውተር ነው። ሲግናል ስላልደረሰው ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ ከዋናው የመጣውን ኬብል ላን ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ የሰካ ሰው፣ ሳያውቀው ለግቢው በሙሉ አድራሻ የሚያድል ሁለተኛ መሣሪያ ፈጥሯል። ከሁለቱ ቀድሞ የመለሰው ስለሚያሸንፍ አንዱ ኮምፒውተር ዛሬ ይሠራል፣ ነገ አይሠራም፤ እንዲህ ያለውን ቀን የሚመርጥ ብልሽት የሚያጠኑ ሰዎች ዊንዶውሱን ሲወነጅሉ ብዙ ጊዜ ያጠፋሉ። ምልክቱ ጌትዌዩ ከዋናው ራውተር አድራሻ መለየቱ ነው። መፍትሔው በሁለተኛው ራውተር ላይ ዲኤችሲፒ የሚባለውን አድራሻ የማደል ሥራ ማጥፋትና የራሱን አድራሻ፣ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.1.2 መለወጥ ነው። አለበለዚያ ኬብሉን ዋን በሚለው ቀዳዳ ሰክቶ የሁለተኛውን ክልል 192.168.2.1 ማድረግ ይቻላል፤ ሁለቱም 192.168.1.1 ሆነው በዚህ መንገድ ከተገናኙ ግን የሁለተኛው ተጠቃሚዎች ኢንተርኔት አያገኙም።

ሦስተኛው ቀላል ነው፦ አድራሻ አልቋል። ራውተሩ ሊያድላቸው የሚችላቸው አድራሻዎች የተወሰኑ ሲሆኑ ስልክ ሁሉ አንድ አንድ ይወስዳል፤ እንግዳ ሄዶም አድራሻው የተመደበለት ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ ተይዞ ይቆያል። በራውተሩ ገጽ ላይ የአድራሻውን ክልል ማስፋት ወይም የሚያዝበትን ሰዓት ማሳጠር ይቻላል። በሲም ካርድ የሚሠሩ ተንቀሳቃሽ የዋይፋይ መሣሪያዎች ግን በአንድ ጊዜ የሚቀበሉት ተጠቃሚ ራሱ ውስን ስለሆነ፣ ለግቢ ሁሉ የሚታሰቡ አይደሉም።

በፒንግ ደረጃ በደረጃ መሄድ

አድራሻው ትክክል ሆኖ አሁንም ካልሠራ በዚያው ጥቁር መስኮት ውስጥ መልእክት ልኮ መልስ ይመጣ እንደሆነ የሚፈትነውን ፒንግ (ping) የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው፣ አንድ ክፍት ቦታ ትተው የራውተሩን አድራሻ ይጻፉ። መልስ ከመጣ ኮምፒውተሩና ራውተሩ ተገናኝተዋል። በመቀጠል 8.8.8.8ን በተመሳሳይ መንገድ ይሞክሩ፤ መልስ ከመጣ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ድረስ ደርሷል። በሦስተኛ ደረጃ በቁጥር ፋንታ የታወቀ የድረ ገጽ ስም ይሞክሩ። የመልሱን መስመር በደንብ ማንበብ ያስፈልጋል፤ መልስ ከሚለው ቃል ቀጥሎ የራስዎ ኮምፒውተር አድራሻ ከተጻፈና መድረሻው አልተገኘም የሚል ሐረግ ከተከተለ፣ መልስ ቢመስልም መልስ አይደለም።

በቁጥር መልስ እየመጣ በስም ካልመጣ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር በሚተረጉመው ዲኤንኤስ ላይ ነው። ቀደም ሲል በተጠቀሰው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቁጥር 4 መስኮት ውስጥ ዲኤንኤሱን ብቻ በእጅ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ብለው ይሙሉና እንደገና ይሞክሩ። አድራሻውን ግን በራሱ እንዲመጣ ይተዉት።

አንዳንድ ገጾች እየተከፈቱ አንዳንዶቹ በግማሽ መንገድ ቆመው የሚቀሩ ከሆነ ደግሞ የዳታው እሽግ መጠን ሊሆን ይችላል። በመግቢያ ስምና በይለፍ ቃል የሚገናኝ ፒፒፒኦኢ የሚባለው መስመር ከተለመደው 1500 ባይት ውስጥ 8ቱን ለራሱ ስለሚወስድ፣ በራውተሩ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ኤምቲዩ የሚለው ቁጥር 1492 መሆን አለበት። ከኮምፒውተሩ ለመፈተን ከፒንግ ቀጥሎ ሰረዝ ኤፍ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ኤል፣ ክፍት ቦታ፣ 1464፣ ክፍት ቦታ፣ 8.8.8.8 ብለው ይጻፉ፤ እሽጉ መከፋፈል ያስፈልገዋል የሚል መልስ ከመጣ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው፤ 1464 የተባለውም እሽጉ በራሱ ላይ 28 ባይት ስለሚጨምር ነው።

ተገናኝቷል፣ ገጽ ግን አይከፍትም

ፒንጉ በቁጥርም በስምም መልስ እየሰጠ ብሮውዘሩ ግን ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ እያወጣ ገጽ የማይከፍት ከሆነ፣ መስመሩን መወንጀል እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረው የኮምፒውተሩ ዕድሜ ነው።

በመጀመሪያ ቀኑን ይመልከቱ። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚከፈተው ማንነቱን በሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት ሲሆን፣ ሰርተፊኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ ሰርተፊኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋልና ገጹን አይከፍትም። በእኛ አገር ለዚህ የተለየ ምክንያት አለ፤ አንዳንድ ሰው የኮምፒውተሩን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስተካክለዋል። ለዓይን ደስ ይላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነው። ስለዚህ ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱም እንደዚያው ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው አቆጣጠር ይሞላ፤ የሰዓት ክልሉ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ናይሮቢ የሚለው፣ ከዓለም መነሻ ሰዓት ሦስት ሰዓት የሚቀድመው ነው።

ቀኑ ተስተካክሎ ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል እንደገና የሚጠፋ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። በአብዛኛው ሲአር 2032 የተባለች የ3 ቮልት ባትሪ ናት፤ የሰዓትና የመኪና ቁልፍ ባትሪ በሚሸጡ ሱቆች ትገኛለች። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ከሶኬቱ ይንቀሉ፣ ክዳኑን ይክፈቱ፣ የሰውነትዎን ኤሌክትሪክ ለማስወገድ የሳጥኑን ብረት ይንኩ፣ ከዚያም የፕላሷ ምልክት ወዴት እንደሚያይ አስተውለው ይተኳት። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር ይህች ባትሪ ያለቀችበት ኮምፒውተር በየጊዜው ኢንተርኔት ጠፋው እየተባለ ወደ ጥገና ሲመላለስ ይኖራል።

ቀጥሎ ብሮውዘሩ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ የመጨረሻ የሆነው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 የዛሬዎቹ ድረ ገጾች የሚጠይቁትን ቲኤልኤስ 1.2 የተባለውን የምስጢር አነጋገር አያውቅም፤ ስለዚህ መስመሩ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን አብዛኛውን ገጽ አይከፍትም። ለኤክስፒ የወጡት የመጨረሻዎቹ ብሮውዘሮች ክሮም 49 እና ፋየርፎክስ 52 ሲሆኑ፣ ለዊንዶውስ 7 እና ለ8.1 ደግሞ ክሮም 109 እና ፋየርፎክስ 115 ናቸው። በዊንዶውስ 7 ላይ ምርጫው ፋየርፎክስ ቢሆን ይሻላል፤ ክሮምና ኤክስፕሎረር ለረጅም ጊዜ በዊንዶውስ ውስጥ በተቀመጡ የታመኑ ሰርተፊኬቶች ሲመሩ የኖሩ ሲሆን፣ ፋየርፎክስ ግን የራሱን ዝርዝር ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 አንድ በጣም የተስፋፋ ሥር ሰርተፊኬት ጊዜው ሲያልፍ፣ ለዓመታት ያልታደሱ ብዙ መሣሪያዎች በዚያው ቀን በርካታ ድረ ገጾችን መክፈት ያቃታቸው በዚህ ምክንያት ነበር።

ከመሥሪያ ቤት ወይም ከካፌ የመጣ ኮምፒውተር ፕሮክሲ የሚባል የቀድሞ ቤት ማለፊያም ሊኖረው ይችላል። ፒንጉ ይሠራል፣ ብሮውዘሩ ግን ከአሁን በኋላ የሌለ ማሽን ሲፈልግ ይቆያል። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ ኢንተርኔት ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ኮኔክሽንስ፣ ከዚያ ላን ሴቲንግስ ገብተው የፕሮክሲው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ ያንሱት። ፈቃዱ ያለቀበት አሮጌ አንቲቫይረስም ተመሳሳይ ጥፋት ያደርሳል፤ በራሱ ማራገፊያ ሙሉ በሙሉ አውጥተው ኮምፒውተሩን ያስነሱና እንደገና ይሞክሩ።

ዋይፋዩን የማያይ ካርድ

በኬብል የሠራ ኮምፒውተር በዋይፋይ ካልሠራ የግቢውን ስም በዝርዝሩ ውስጥ ያያል ወይስ አያይም የሚለውን ይለዩ። የማያይ ከሆነ በመጀመሪያ ራውተሩ የሚያሰራጨው በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እንዳይሆን ያረጋግጡ፤ ብዙ የድሮ ካርዶች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው። ቀጥሎ ቻናሉን ይመልከቱ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ካርዶች ቻናል 12ን እና 13ን አያዩም። ከውጭ ዘመድ ያመጣው ላፕቶፕ ስልኮች ሁሉ የሚያዩትን ዋይፋይ ሳያይ ሲቀር ይህ ሊሆን ይችላልና በራውተሩ ላይ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ያድርጉት። አዲስ ዋይፋይ 6 ራውተር ከተገጠመ በኋላ ስሙን ማየት ያቆመ ላፕቶፕ ካለ ደግሞ የካርዱ ድራይቨር ሊታደስ፣ ወይም በ2.4 ጊጋኸርዙ ላይ የአዲሱ ዘዴ አሠራር ሊጠፋ ይገባል።

ስሙን እያየ የይለፍ ቃሉን የማይቀበል ከሆነ ጉዳዩ የምስጢር አጠባበቁ ዓይነት ነው። ዊንዶውስ 7 ደብሊውፒኤ 3ን አያውቅም፤ ዊንዶውስ ኤክስፒም ደብሊውፒኤ 2ን አሟልቶ የያዘው በሦስተኛው ሰርቪስ ፓክ ነው። ራውተሩን ደብሊውፒኤ 2 ከኤኢኤስ ጋር በሚለው ላይ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም ያስማማል፤ ደብሊውፒኤ 2ንና 3ን የሚያደባልቀው ምርጫ በአንዳንድ አሮጌ ካርዶች ላይ አይሠራም። አንዱን አሮጌ ላፕቶፕ ለማስደሰት ሲባል ግን የግቢውን ዋይፋይ አሮጌና ደካማ ወደሆነው ደብሊውኢፒ ዝቅ ማድረግ ወይም ያለ ይለፍ ቃል መተው አይገባም፤ ከዚያ ይልቅ በዩኤስቢ የሚሰካ ርካሽ የዋይፋይ ካርድ መግዛት ይሻላል። ሲገዙም ለእርስዎ የዊንዶውስ ዓይነት ድራይቨር እንዳለው ሱቁ ውስጥ አስሞክረው ይውሰዱ።

ሲቆራረጥና ሲዘገይ

ተገናኝቶ ቆይቶ የሚጠፋ ላፕቶፕ ላይ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኔትወርክ ካርዱን ፕሮፐርቲስ ከፍተው፣ ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። ዊንዶውስ 10 ያለበት ኮምፒውተር ደግሞ ሲበራ ማሻሻያ ማውረድ ከጀመረ ግቢው ሁሉ ይንቀራፈፋል፤ የተገናኘበትን ኔትወርክ መጠኑ የተገደበ ነው ብሎ በሴቲንግ ውስጥ መመዝገብ አብዛኛውን ይህን ማውረድ ያስቆማል። በኤዲኤስኤል ላይ ደግሞ ወደ ውጭ የሚላከው መንገድ ወደ ውስጥ ከሚመጣው እጅግ የጠበበ በመሆኑ፣ አንድ ሰው ፎቶዎቹን ወደ ክላውድ መላክ ሲጀምር የሌላው ሁሉ ገጽ መከፈት ያቅተዋል።

ኮምፒውተር ለኮምፒውተር ሲያካፍል

ራውተር በሌለበት ቤት በዩኤስቢ ሞደም የተገናኘ አንድ ኮምፒውተር ለሌላው በኬብል ሊያካፍል ይችላል። ሲካፈል የሰጪው አድራሻ በዊንዶውስ ኤክስፒ 192.168.0.1፣ ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ደግሞ 192.168.137.1 ይሆናል፤ ተቀባዩ ጌትዌዩን እንዲህ ካላሳየ ማካፈሉ አልተጀመረም። ሁለቱም ካርዶች በጣም አሮጌ ከሆኑ በሁለቱ መካከል የሚገባው ኬብል ክሮስ የሚባለው፣ አንደኛው ጫፍ ላይ ብርቱካናማውና አረንጓዴው የተለዋወጡበት መሆን አለበት።

የጎረቤትን ደኅንነት መጠበቅና በፍላሽ መፈተን

ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2014፣ ዊንዶውስ 7 ከጃንዋሪ 2020፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ መደበኛ ድጋፋቸው አብቅቷል። ኔትወርኩ የጋራ ሲሆን ይህ የባለቤቱ ብቻ ጉዳይ አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 የተሰራጨው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ማንም ምንም ሳይጫን በዊንዶውስ የፋይል ማካፈያ በኩል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ያልፍ ነበር። ራውተሩ ለእንግዳ የሚሆን የተለየ ዋይፋይ ማውጣት የሚችል ከሆነ አሮጌውን ኮምፒውተር በዚያ ላይ ያስገቡት፤ የፋይል ማካፈያውንም ያጥፉ።

ሁሉም ተሞክሮ ያልተለየ ችግር ካለ አንድ ወሳኝ ፈተና ይቀራል፦ ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ ፋንታ፣ ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ በተባለ ነጻ ሥርዓት ማስነሳት። ቢያንስ 4 ጊጋባይት የሆነ ባዶ ፍላሽ ያዘጋጁና በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሉቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን አውርደው ይጻፉበት። ባለ 32 ቢት ማሽን ከሆነ እነዚህ አይነሱበትምና የዴቢያን 11ን ላይቭ የሚባለውን፣ ሳይጫን የሚነሳ ቅጂ ይጠቀሙ፤ ዴቢያን 12 እንዲህ ያለ የ32 ቢት ቅጂ የለውም፤ ዴቢያን 13 ደግሞ በ32 ቢት ማሽን ላይ መጫን አቁሟል። ፍላሹን ሰክተው ኮምፒውተሩን ሲያበሩ እንደ ሠሪው ዓይነት ኤፍ 12ን፣ ኤፍ 9ን ወይም ኢስኬፕን በመጫን ከፍላሹ እንዲነሳ ይምረጡ፤ በዲስኩ ላይ ሳይጭኑ ለመሞከር የሚያስችለውን አማራጭም ይውሰዱ። በዚያ ውስጥ ኢንተርኔቱ ከሠራ ካርዱም ኬብሉም ራውተሩም ደህና ናቸውና ጥፋቱ በዊንዶውሱ ላይ ነው፤ እንደገና ለመጫን የሚወስኑት ያኔ ነው። በኬብልም በዋይፋይም ካልሠራ ደግሞ የኔትወርክ ካርዱ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ይቻላል፤ ፎርማት ማድረግ ምንም አይለውጥም። አንዳንድ የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች በሊኑክስ ላይ ተጨማሪ ፋይል ካልወረደላቸው ስለማይሠሩ ፈተናውን በኬብል ያድርጉ። ሊኑክሱን ለመጫን ከወሰኑም ከዚያ በፊት ፎቶዎችንና ሰነዶችን በሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳውን ከሴቲንግ ውስጥ መጨመር ይቻላል።